«ትንሽ አሟቸዋል»

ትዕግስት እባላለሁ። እንጅባራ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ከአንዲት የኪራይ ክፍልና ከሚታረም የተማሪ ወረቀት በቀር ብዙ የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ትምህርት ላይ ሳለሁ ነው። አባቴ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ያርሳል። አማርኛ ይችላል፤ ነገሩ ከልቡ ሲሆን ግን አዊኛ ነው የሚቀናው። ታላቅ እህቴ ውድነሽ፣ ውዴ የምንላት፣ ዳንግላ ገብታ፣ በልብስ ስፌት ራሷን ችላ፣ እኔንም ከዩኒቨርሲቲ እስክወጣ ድረስ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሶልያና የምትባል፣ ለመስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ የነበረች የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። የልጅቱ አባት ሌላ አገር ሌላ ትዳር ስለያዘ፣ ለልጅቱ እናትም አባትም ውዴ ነበረች።

ከማስተምረው ሁሉ ዘይቤን አስበልጣለሁ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት «እማማ ዘይቤ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም። ሰው አንድ ነገር ብሎ ሌላ ነገር ሲል መያዝ ደስ ይለኛል። ገበያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሳይቀር የሰዎችን ንግግር እየሰማሁ በሆዴ «ይቺ ምፀት ናት፣ ይቺ ግነት ናት» እያልሁ እለያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ክፍሉ ጨልሟል። ስለ ዘይቤ ዓይነቶች ምሳሌ ስጡኝ ብዬ ተማሪዎቹን እያስነሣሁ ነበር።

«ተነጻጻሪ?» አልሁ።

«እጇ እንደ ዘንገና ሐይቅ ውሃ ይቀዘቅዛል» አለች አንዷ።

«ጎበዝ። 'እንደ' ስላለ ተነጻጻሪ ነው። ተለዋጭስ?»

ከኋላ አንዱ ተነሣና «ወንድሜ ጅብ ነው ቲቸር፤ ምሳዬን በላብኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። «ልክ ነው» አልሁት፤ «'እንደ ጅብ ነው' አላልህም፤ ራሱን ጅብ አደረግኸው። ተለዋጭ ማለት ይኸው ነው።»

ከዚያ እንቶኔ ላይ ደረስን። አጠገባችን የሌለን ሰው፣ የሞተን ሰው፣ ወይም የማይሰማን ነገር ፊት ለፊታችን ያለ ይመስል ስንጠራውና ስናናግረው እንቶኔ ይባላል ብዬ ገለጽሁ። ከፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የማይሰማ ከሆነ ለምን ይጠሩታል?»

«ለንግግሩ ውበት ለመስጠት» አልኋት። መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን አስገብቶ «ቲቸር ትዕግስት፣ አንዴ ብቅ በዪ» አለኝ።

ስወጣ ብቻውን አልነበረም። ፊዚክስ የሚያስተምረው የዳንግላው ልጅ ሙሉቀን ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩት እትዬ የሺ ነጠላቸውን ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው አጠገቡ አሉ።

«አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ዳንግላ ሆስፒታል ገብተዋል አሉ። ሙሉቀንና እትዬ የሺ አብረውሽ ይሂዱ።»

እናንተም አገራችሁን ታውቃላችሁ። በእኛ አገር አንድ ሰው እውነት ትንሽ ቢያመው አስተማሪ ከክፍል አይጠራም፤ ማታ በስልክ ይነገራል። «ትንሽ አሟቸዋል» የሚባለው ትንሽ ሳይሆን ሲቀር ነው። «አይዞሽ» እና «ምንም አይደለም» በአንድ ትንፋሽ ሲመጡ፣ ከዚያም ላይ ሁለት ሰው አጃቢ ሲመደብልሽ፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዘይቤ መማር አያስፈልግም።

አባቴ ሞቷል ብዬ ደመደምሁ።

መደምደሜን ግን ለማንም አልተናገርሁም። «እሺ» አልሁ ብቻ። ወደ ክፍል ተመለስሁና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አጠፋሁ። የቤት ሥራ ሰጠሁ። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። የሆነ ሰው ውስጤ ያለውን መብራት ሁሉ አጥፍቶ የወጣ ይመስል ነበር።

እትዬ የሺ መጀመሪያ ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። «መንገድ ነው፣ ይበርድሻል፤ ልብስ ቀይሪ» አሉኝ። ቁም ሣጥኔን ራሳቸው ከፍተው ልብሶቼን አገላበጡና ጥቁሩን ቀሚስ አወጡ። «ይቺን ልበሺ፤ ወፈር ያለች ናት።» ከሷ የሚወፍር ቡኒ ሹራብ እዚያው ተሰቅሎ ነበር። ዓይናችን ተጋጨ፤ እሳቸው ቀድመው ዞር አሉ። ጥቁሩን ለበስሁ።

በባጃጅ መናኸሪያ ደርሰን የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። መሐላቸው አስቀመጡኝ። ሙሉቀን ስለ ድንች በሽታ ማውራት ጀመረ። ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ የድንች ቅጠል እየደረቀ ነው፣ የአጎቱ ማሳ ተበላሽቷል፣ ግብርና ቢሮ መድኃኒት አለ ብሎ ነበር፣ አልመጣም። ሰውየው ፊዚክስ እንጂ ድንች ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ የሺ «ውይ! ወይ ጉድ!» እያሉ ይመልሱለታል። እኔም በመሐል «የየትኛው አካባቢ ድንች ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስታችንም ስለ ድንች በጣም የምናስብ ሰዎች ሆንን።

ስልኩ ጮኸ። ሙሉቀን ወደ መስኮቱ ዞሮ «አዎ... አብረን ነን... መኪና ውስጥ... ገና ነው» አለ። «ገና ነው» ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ያን ጊዜ ነው ለውዴ የደወልሁት። አባቴ ዳንግላ ከሆነ አጠገቡ የምትሆነው እሷ ናት። ለእኔ የሚነግሩኝን ለእሷም እየነገሯት እንደሆነ አሰብሁና አዘንሁላት፤ ድምፄን ሰምታ እንድትጽናና ፈለግሁ። ሙሉቀን ስልኬን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሊከለክለኝ አለና ተወው።

ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ። የውዴ ድምፅ አይደለም።

«ሄሎ፣ ውዴ የለችም?»

«ማን ልበል?»

«እህቷ ነኝ፤ ትዕግስት።»

ከሴትዮዋ ኋላ ብረት ከብረት ሲጋጭና ወንዶች «ወደዚህ ሳበው!» ሲባባሉ ይሰማል።

«ውዴ... ወጣ ብላለች። ስልኳን ትታው ነው። አንቺ ብቻ ነይ፣ እሺ የኔ እህት?» ብላ ዘጋችው።

ሆስፒታል ሄዳለች ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ተጣድፋ ስልኳን ረስታ ነው። ሁሉ ነገር ካሰብሁት ጋር ይገጥማል። ሰው አንዴ ከደመደመ በኋላ የሚሰማውን ሁሉ ወደዚያው ነው የሚያጣጥፈው።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ አንድ ነገር ላይ ቆመ፤ አዲስ ቅዳም ላይ። አባቴ ሞቶ ከሆነ ሬሳው ወደ መንደራችን ነው የሚወሰደው፤ ከእናቴ አጠገብ ነው የሚቀበረው። እንግዲያስ አዲስ ቅዳም ላይ መውረድ አለብን። ሚኒባሱ አዲስ ቅዳምን አልፎ ከሄደ ግን አባቴ በሕይወት አለ፤ እውነትም ሆስፒታል ነው። ይህን በልቤ ይዤ መስኮቱን ማየት ጀመርሁ። ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከጫካው ሥር የከሰል ጢስ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ከዚያ መንገድ ዳር የተደረደሩ የከሰል ጆንያዎች መጡ። ከተማዋ ደረሰች።

«ወራጅ አለ!» አለ አንድ ድምፅ።

መኪናው ቆመ። አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ወረደች። ሙሉቀንን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። እትዬ የሺን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ላይ ናቸው። በሩ ተዘጋ። መኪናው ጉዞውን ቀጠለ።

አለፍን።

ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ የነበረው ሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። አባቴ አለ! «ትንሽ» የተባለው ትንሽ ነው ማለት ነው። ዘይቤ ዘይቤ እያልሁ ቀጥተኛውን አነጋገር አጣምሜ ተረድቼው ኖሯል። ወደ እትዬ የሺ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ እውነት ሆስፒታል ነው ያለው አይደል?» አልኋቸው።

እጄን ያዙኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ» አሉ።

እኔ ስለ አባቴ ነበር የጠየቅኋቸው። እሳቸው የመለሱት ለሌላ ጥያቄ ነበር።

ዳንግላ ደርሰን ባጃጅ ያዝን። ሙሉቀን ለሾፌሩ የነገረው የሆስፒታሉን መንገድ ሳይሆን የውዴን ሰፈር ነው። «መጀመሪያ ቤት ጎራ እንበል፤ ዕቃ እናስቀምጥ» አለኝ። ከትከሻ ቦርሳዬ በቀር ዕቃ አልነበረኝም።

የውዴ ቤት ወዳለበት ቅያስ ስንታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። የዕድሩ ድንኳን ከአጥሯ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወንዶች አሉ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አሉ። ወደ ቀድሞ ሐሳቤ ተመለስሁ። አባቴ ሞቷል፤ ሬሳው እስኪመጣ እዚህ ውዴ ቤት ተክለውለታል አልሁ። ከባጃጁ ወረድሁ። እግሬ ይሄዳል። ሰዎቹ ተነሡ።

ከድንኳኑ ውስጥ አባቴ ወጣ።

ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ በራሱ እግር እየተራመደ። ጺሙ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። አባቴ ነው!

ሮጥሁ። «አባዬ! አለህ! ተመስገን፣ አለህ እኮ!» እያልሁ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ሳቅሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ድንኳን በር ላይ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አንዲት ሴት «ወይኔ፣ አልነገሯትም!» ብላ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

አባቴ ትከሻዬን ይዞ ከራሱ ትንሽ አራቀኝ። ዓይኔን አየ። በአዊኛ ነው የነገረኝ።

«ልጄ፣ እህትሽ ሞተች።»

ከጠዋት ጀምሮ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ «ሞተች» የሚለውን ቃል የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

ደስታዬ ገና ፊቴ ላይ ነው። ከፊቴ ላይ እንዴት እንደማወርደው አላወቅሁም። አባቴ በመኖሩ የተደሰትሁት ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ውዴ መሞቷም እውነት ነው፤ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ተገናኙ። ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። ምንም አልቀረም።

ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አንዷ ተንበርክካ እግሬን ያዘች። እኔ የማየው የራሴን ጫማ ነው። ጭቃ ይዟል፤ ምንጣፉን ላበላሽ እችላለሁ ብዬ አሰብሁ፤ አወለቅሁት። ስልኩን ያነሣችው ሴት ጎረቤቷ አስካለ ኖራለች። አጠገቤ ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች ነገረችኝ።

«ሰሞኑን 'ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው' ስትል ነበር። ሰው እንዲያው ሲያመው የሚለው መስሎን... ማን እውነት ነው ይላል? ትናንት ወደ ማታ ገደማ ውሃ ይዛ በረንዳው ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ደርሰን ብዙም አልቆየች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን።»

ግነት ነው አልሁ በሆዴ። «ራሴ ሊፈነዳ ነው» ለግነት የምሰጠው የዘወትር ምሳሌ ነው፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ይህን ሳስብ ምንም አልተሰማኝም። እንደ ፈተና ወረቀት አርሜ ወደ ሌላው አለፍሁ።

ሙሾ የምታወርደው ሴት መሐል ገብታ ቆመች። ውዴ ልብስ ትሰፋላት የነበረች ጎረቤት ናት።

«ውድዬ ልብስ ሰፊ መርፌሽ የት ወደቀ፣
የሰፋሽው ሁሉ ዛሬ ተቦጨቀ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ «እንቶኔ» አልሁ። የማትሰማን ሰው ትጠራለች። «ተቦጨቀ» ግነት ነው። ሴትዮዋ የለበሰችውን ቀሚስ አየሁት፤ ውዴ የሰፋችው ነው፣ የአንገቱን አሰፋፍ አውቀዋለሁ። አልተቦጨቀም። ደህና ነው።

ከቀትር በኋላ ቀበርናት። አባቴ መንደራችን ትሂድልኝ ቢል ዝናቡ የገጠሩን መንገድ ስለዘጋው እዚያው ዳንግላ ከሰፈሯ ደብር ሆነ። አፈሩ ሲወርድ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«አታለቅስም እንዴ?»

«ደንዝዛ ነው። ተያት።»

ልክ ነበረች። ደንዝዤ ነበር።

ሶልያናን የጠየቅሁት ከቀብር ስንመለስ ነው። እናቷ ከወደቀችበት ማታ ጀምሮ አስካለ ቤት፣ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋታል። የአባቴ እህት፣ አክስታችን እትዬ ጥሩ፣ ወደ ጓዳ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። «እናትሽ ባህር ዳር ሄዳለች፣ አሻንጉሊት ይዛልሽ ትመጣለች ብለናታል። አንቺም እንደዚያው በያት። ልጅ ናት፣ ቀስ በቀስ ትረሳለች።»

ልጅቱ ስታየኝ ሮጣ መጣች። «አክስቴ፣ እማዬ ባህር ዳር ሄደች! ሳትነግረኝ!» አለችኝ። ትንሽ ተቆጥታለች። «አዎ» አልኋት። ያን ቃል ያለ ምንም ችግር ተናገርሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር አይከብደኝም ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛው ቁርስ ሲቀርብለት፣ አስካለ እየሮጠች መጣች። ሶልያና የለችም።

ጓሮ ፈለግን፤ የለችም። ጎረቤት ሁሉ ጠየቅን። ወንዶቹ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ሮጡ። አባቴ በትሩን ጥሎ ሲሮጥ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። አስካለ ራሷን እየደበደበች «ጫማዋንም አድርጋለች፣ ሹራቧንም ለብሳለች፣ ማን ወሰዳት?» ትላለች።

ጫማዋን አድርጋ፣ ሹራቧን ለብሳ። ለመንገድ እንደሚዘጋጅ ሰው። ያኔ ገባኝ። ለማንም ሳልናገር ወደ መናኸሪያው ሮጥሁ።

መናኸሪያው ገበያ መስሏል። ረዳቶቹ «ባህር ዳር! ባህር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከባህር ዳር የመጡት ሰው ያራግፋሉ። ሰዉን እየገፋሁ አለፍሁ። ሶልያና ቆሎ ከምትሸጥ ሴት ጎን፣ ድንጋይ ላይ፣ እግሯን ገጥማ ተቀምጣለች። ከእያንዳንዱ መኪና የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች።

ስታየኝ አልደነገጠችም። «አክስቴ፣ ከባህር ዳር የሚመጣው የትኛው ነው? ይቺ ሴትዮ ሁሉም ነው አለችኝ» አለች።

ቆሎ ሻጯ «እናቴን ልቀበል ነው ብላኝ፣ የሚወስዳት እስኪመጣ ብዬ አስቀመጥኋት» አለችኝ።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። መሬቱ እርጥብ ነው። «ሶሊ፣ እናትሽ ባህር ዳር አልሄደችም» አልኋት።

«የት ሄደች ታዲያ?»

በአፌ ብዙ ነገር መጣ። ሰማይ ቤት ሄደች፤ እግዚአብሔር ጠራት፤ አረፈች፤ ኮከብ ሆነች። ስንት ዓመት ያስተማርሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። ከእነዚያ አንዱን ብናገር፣ ሰማይ ቤት መኪና ከየት እንደሚነሣ ትጠይቀኛለች። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«የትም አልሄደችም። ሞታለች» አልሁ።

አየችኝ። «እንደ ድመታችን?»

«አዎ፣ እንደ ድመታችሁ። ትንፋሿ ቆመ። አትሰማም፣ አትናገርም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም። ትናንት ቀበርናት።»

«ነገስ?»

«ነገም አትመጣም።»

«ትምህርት ቤት ሲከፈትስ?»

«አትመጣም፣ ሶሊ።»

ጣቷ የሹራቧን ቁልፍ ይፈትላል። ከዚያ «ዩኒፎርሜን ማን ይጨርሰዋል? አንዱ እጁ አልተሰፋም እኮ» አለች።

«እኔ መስፋት አልችልም። እናሰፋዋለን።»

«እማዬ ናት የምትሰፋው!» አለችና ለቅሶው ወጣ። ከዚያች ትንሽ ሰውነት ይወጣል የማይባል ለቅሶ ነው። ረዳቶቹ መጣራታቸውን አቆሙ። ቆሎ ሻጯ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልጅቱን አቅፌ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ለቅሶዋ ደረቴን ሲያንቀጠቅጠው ይሰማኛል። የእኔ ዓይን ደረቅ ነበር። ክብደቷ ብቻ ይሰማኛል፤ ሞቃት ነበረች።

ቤት ስንደርስ ፊቷን አይተው ሁሉም አወቁ። እትዬ ጥሩ ደረቷን መታች። «ነገርሻት? ልጅቱን ገደልሻት እኮ! ምን ልብ ነው ያለሽ አንቺ? ለእህትሽ እንኳ አላለቀስሽ!»

አባቴ ከወንዙ ገና መመለሱ ነው፤ ጋቢው በስብሷል። ልጅቱን ከእጄ ተቀበለና ለእህቱ በአዊኛ «ተያት። እውነቱን ነው የነገረቻት። ልጅቷ ከቀረችብን ማን ይመልሳት ነበር?» አላት። እትዬ ጥሩ ተቀመጠች። ሶልያና አባቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ዳቦ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ወደ መናኸሪያ ሄዳ አታውቅም።

አሁን ከእኔ ጋር እንጅባራ ነው የምትኖረው። አንዲቷ ክፍል ጠበበችን፣ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ማታ ማታ የእኔን እርማት ትቼ የእሷን የቤት ሥራ አያለሁ።

ሰዎች «መቼ ወጣልሽ?» ይሉኛል። ድንዛዜው ሳምንታት ፈጅቷል። አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲያጽናናኝ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የለም። አንድ ቀን ከጉሊት ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ መንገድ መሐል እንባዬ ወረደ። ምንም ምክንያት አልነበረውም። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ሽንኩርቴን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ፤ ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

አንባቢዎቼ፣ «ትንሽ አሟቸዋል» ያሉኝን ሰዎች የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ክፍል በር ላይ ቆሜ «እህትሽ ሞታለች» ብባል ያን መንገድ በእግሬ የምሄደው አልነበረም። ድንች እያወሩ፣ እጄን ይዘው፣ አባቴ እስከሚቀበለኝ ቦታ አደረሱኝ። ሙሉቀንን ኋላ አመስግኜዋለሁ፤ ስለ ድንች የነገረኝን ግማሹን የፈጠረው መሆኑንም ነግሮኛል። የተለሳለሰ ቃል የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሰው እስኪደርስ ድረስ። ግን መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ነገሩን በስሙ መጥራት አለበት። ለእኔ አባቴ ጠራልኝ። ማንም ባይጠራልኝ ኖሮ ምን ያህል ጊዜ እየሳቅሁ እዚያ ድንኳን በር ላይ እቆም እንደነበር አላውቅም።

ዘይቤን አሁንም እወዳለሁ፤ አሁንም አስተምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሬያለሁ። ተማሪዎቼ ምሳሌ ከመጻፋቸው በፊት ሊሉት የፈለጉትን ነገር በቀጥተኛ አነጋገር፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ። ያን መጻፍ ያልቻለ ልጅ ወደ ዘይቤው አያልፍም። መጀመሪያ አጉረመረሙብኝ። ብዙዎቹ ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገር ከሁሉም እንደምትከብዳቸው ነግረውኛል።

እናንተ ቤት በር በር የሚያይ ልጅ ካለ፣ የሚጠብቀው ሰው የማይመጣ ከሆነ፣ እባካችሁ ንገሩት። ያለቅሳል። አቅፋችሁ ያዙት። ሌላ ሰው እስኪነግረው፣ ወይም ራሱ መንገድ እስኪወጣ አትጠብቁ።

የውዴ አርባ ያወጣነው መንደር፣ አባቴ ቤት ነው። ሶልያና ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ እንጀራዋን ትበላ ነበር። አንዲት እማሆይ ራሷን እየደባበሱ «አይዞሽ የኔ ዓለም፣ እናትሽ እኮ ተኝታ ነው፤ ደግ እንቅልፍ ላይ ናት» አሏት።

ሶልያና ጉርሻዋን ዋጠችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«አልተኛችም፣ ሞታለች» አለች። «እማዬ ስትተኛማ ታንኮራፋለች።»

እማሆይ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ከጥግ በኩል አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የሚያለቅስ መስሎኝ ልነሣ ስል እየሳቀ ነው። እውነቷን ነበር፤ ውዴ ስታንኮራፋ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እትዬ ጥሩም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅን አለቀስን። ሶልያና ሁላችንንም እያየች ምን እንዳሳቀን አልገባትም። ወጥ እንዲጨመርላት ሳህኗን ዘረጋች።